ሙቀቱን ብቻ ቀየርኩ፦ የፖታሲየም ቻናል ትምህርቴ፣ ሦስተኛ ሳምንት

ቻናል ማለት በነርቭ ሽፋን ላይ ያለ፣ እንደ ፖታሲየም ያሉ አዮኖችን (ቻርጅ ያላቸውን አተሞች) የሚያሳልፍ ባለ በር ፕሮቲን ነው። ባለፈው ሳምንት የነርቭን የኤሌክትሪክ ምት የሚያሰላውን የሆጅኪንና የሃክስሊን ቀመር በኮምፒውተር ቋንቋ በፓይተን ጽፌ የመጀመሪያዋን የነርቭ ምት አየሁ። በዚህ ሳምንት የነካሁት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሙቀቱን።

በ1952 የታተመው ይህ ቀመር ስኩዊድ ከሚባለው የባህር እንስሳ ነርቭ የተወሰደ ነው። መነሻው 6.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው የበሮቹ ፍጥነት በ3 ይባዛል። ነርቩ ባረፈበት ቮልቴጅ ላይ የፖታሲየሙ በር የጊዜ መለኪያ (በሩ ለለውጥ ምላሽ ለመስጠት የሚወስድበት ጊዜ ልክ) 5.5 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። 16.3 ዲግሪ ላይ 1.8፣ 26.3 ላይ ደግሞ 0.6 ይሆናል።

መጀመሪያ ተሳሳትኩ። የመክፈቻውን ፍጥነት ብቻ በ3 አባዝቼ መዝጊያውን ረሳሁት። በዚያው ቮልቴጅ ከ100 ቻናል 1 ገደማ ክፍት መሆን ሲገባው 11 ተከፈተ። ምቱም ጠፋ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ግን ብዙ አስተማረኝ። አንድ ቻናል እንዲከፈት አራቱም ክፍሎቹ መነሳት አለባቸው። ስለዚህ የአንዱ ክፍል ዕድል ከ0.32 ወደ 0.58 ሲያድግ፣ አራት ጊዜ ተባዝቶ ውጤቱ 11 እጥፍ ይሆናል። በትክክለኛው ቀመር ግን ሙቀት በሩን «ተከፈት» አይለውም። መክፈቱንም መዝጋቱንም እኩል ያፈጥነዋል።

ካስተካከልኩት በኋላ ያየሁት ነገር በጣም ደስ አለኝ። ሙቀቱን ስጨምር ምቱ በጊዜ ጠበበ፣ ቀጥሎም ከፍታው አጠረ። እኔ የጠበቅኩት እንዲጠነክር ነበር! ለምን አጠረ? ሶዲየም ቀድሞ ይገባና ቮልቴጁን ወደ ላይ ይጎትታል። ፖታሲየም ዘግይቶ ይወጣና ይመልሰዋል። ሽፋኑን ቻርጅ ማድረግ ግን በሙቀት ያን ያህል አይፈጥንም። በሮቹ ሲፈጥኑ ሶዲየም የነበረው የቅድሚያ ጊዜ ያልቃል። ቮልቴጁ ጫፍ ሳይደርስ የሶዲየሙ በር ይዘጋል፣ ፖታሲየሙም ይደርሳል። ሆጅኪንና ካትዝ ይህንኑ በእውነተኛ ነርቭ ላይ በ1949 አሳትመውታል። ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ምቱ ይቆማል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

አንድ ነገር ለይታችሁ ያዙ፤ እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስቀላቅለው ነበር። በሩ ከተከፈተ በኋላ የአዮኑ ፍሰት በየ10 ዲግሪው የሚጨምረው 1.3 ወይም 1.5 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። አዮኑ ውሃ ውስጥ እንደሚሄድ ያልፋል። በሩ ግን ፕሮቲን ነው፤ ቅርጹን መቀየር አለበት። የሚሻገረው የኃይል አቀበትም ከፍ ያለ ነው። ክረምት ላይ ሊጥ ኩፍ ለማለት የሚዘገየውም በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው።

37 ዲግሪንም ሞከርኩ። ማባዣው 29 ደረሰ፤ ምትም የለም። የእኛ ቻናሎች የራሳቸው ፍጥነት ስላላቸው የስኩዊዱን ቁጥር ለሰው ማዋል አይቻልም። ቀጣዩ ሥራዬ ትሬክ አንድ ነው። ይህኛው የፖታሲየም ቻናል ሲሞቅ ራሱ ይበልጥ ይከፈታል። ኮድ የጀመራችሁለት ካላችሁ እስቲ እንተያይ።