ትዝታ ብቻ

ሐምሌ 13፣ ማታ

ካሴቱን ለአራተኛ ጊዜ ሰምቼ ጨረስኩ። ውጭ ዝናቡ አላባራም። ካሴቱ ውስጥም ይዘንባል። ቅድም ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣው የዛሬው ዝናብ ይሁን የያኔው መለየት ስላቃተኝ ቴፑን አጥፍቼ አዳመጥኩ። የዛሬው ብቻውን ሲቀር ቤቱ ጭር አለብኝ፤ መልሼ ከፈትኩት።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ በኋላ እንዳይጠፋብኝ።

ባለፈው ቅዳሜ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የሄድኩት ለድስት ክዳን ነበር። እማዬ ለዓመታት ወጥ የሠራችበት ድስት ክዳኑ ተጣሞ አልገጥም አላት፤ አዲስ ልግዛልሽ ብላት በጄ አላለችም። የጎደለ ነገር ያለበት ሰው ደግሞ የሚሄደው ምናለሽ ተራ ነው። ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸር፣ ጓጉንቸሩ የጠፋ ቁልፍ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ክዳኑን አገኘሁት። ከክዳኖቹ ክምር አጠገብ እጀታው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ አንድ ናሽናል ቴፕ ተቀምጦ አየሁ። አባቴ እንደዚያ ያለ ነበረው፤ ዓይኔን ከእሱ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

"ይሠራል?" አልኩት ሻጩን።

"እህቴ፣ አልዋሽሽም፣ አልሞከርኩትም" አለኝ። ስላልዋሸኝ ገዛሁት።

ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ። ሲከፍቱት ላስቲኩ ቀልጦ ሬንጅ መስሏል። ዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ቴፕ እንዲህ ይሆናል አሉኝ። ጠረጉት፣ ሌላ ላስቲክ አጠለቁለት፣ ክሩን የሚያነበውን ሄድ በአልኮልና በጥጥ አጸዱት። ከዚያ የካሴቱን በር ከፈት አደረጉና "ይኼስ ያንቺ ነው?" አሉኝ።

ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ነው። እላዩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቀጥ ባለ የተማሪ ቤት ጽሕፈት "ትዝታ ብቻ፣ ክረምት 81" ተብሎ ተጽፏል። ስም የለውም። የዘፋኞች ዝርዝርም የለውም። ሽማግሌው ካሴቱን ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ። ማንም እላዩ ላይ ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት የምትሰበር ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች፤ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ አንድ። የኤ ገጽ ጥርስ ተሰብሯል። የቢው ግን ደህና ነው።

"ኤን ጨርሶታል፣ ቢን ገና ነው" አሉኝ። እኔም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የካሴቱን ባለቤት "እሱ" እያልኩ ማሰብ ጀመርኩ።

ሰኞ ማታ ብቻዬን ተቀምጬ ከፈትኩት። በጌታቸው ካሳ ዝግ ባለው ትዝታ ይጀምራል። ጌታቸው ትዝታን ዝግ አድርጎም፣ ቶሎ ቶሎ አድርጎም ተጫውቶታል፤ ካሴቱን የቀዳው ሰው አንዱን ለኤ መጀመሪያ፣ ሌላውን ለቢ መጀመሪያ አድርጎታል። ያኔ ነው እንዲሁ ያገኘውን የቀዳ ሰው እንዳልሆነ የገባኝ። ቁጭ ብሎ አስቦበታል። ቀጥሎ መሐሙድ አህመድ አለ። ሙላቱ አስታጥቄ ያለ ቃል፣ በመሣሪያ ብቻ የተጫወተው ትዝታ አለ። ከዚያ ወዲያ ካሴቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ የትንፋሽ መሣሪያው ይጠፋል፣ ከበሮው ይጠፋል፣ ወደ መጨረሻው አንዲት ሴትና አንድ ክራር ብቻ ይቀራሉ። በኤ ስድስት፣ በቢ አምስት፣ በጠቅላላው አሥራ አንድ ትዝታ። የማውቀውን ሁሉ ከዚህ ቀደም ለየብቻው ሰምቼው ነበር። በዚህ ቅደም ተከተል ግን፣ እንደ ሰው ልብሱን አንድ በአንድ እያወለቀ ወደ አልጋው ሲሄድ ዓይነት፣ ሰምቼው አላውቅም።

አሥራ አንድ ጊዜ አንድ ዘፈን እንዴት አይሰለችም? ይህን ብዙ አሰብኩበት። ትዝታ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው፤ የዘፈኑም ስም ነው፤ ሰው ሆዱ ውስጥ የሚይዘው ነገር ስምም ነው። ዜማው አምስት ድምፅ ነው፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፤ ሚ እና ላ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ደግሞ ያው ቤት መብራቱ የተቀነሰበት ይመስላል። ቤቱን ማንም አልሠራውም፣ ሁሉም ገብቶበታል። ዘፋኙ የራሱን ስንኝ ይዞ ይገባል፣ የገዛ ራሱን ሰው ይጠራበታል፣ ይወጣል። ስለዚህ እኔ የሰማሁት አንድ ዘፈን አሥራ አንድ ጊዜ አይደለም። ሰዎች በየተራ አንድ ቤት ሲገቡ ነው፤ በሩን የሚከፍትላቸውና የሚዘጋላቸው ደግሞ ያ የማላውቀው ሰው ነው።

ሲዘጋ እንዴት እንደሚዘጋ! ዘፈን የቀዳ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ጣት ትቸኩላለች። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ቁልፉን ጫን፣ ቀጣዩ ጋ ሂድ። እሱ ግን አንድም ጊዜ አልቸኮለም። የመጨረሻው ድምፅ ደክሞ እስኪጠፋ ይጠብቃል፣ ከጠፋም በኋላ ጥቂት ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቀጭ ይላል። ከአሥራ አንዱም በኋላ እንዲህ ነው።

በዚያ ጥበቃ ውስጥ ነው ክፍሉ የሚሰማው። ካሴቱ የተቀዳው በሽቦ ተገናኝቶ አይደለም፤ ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት አስቀምጦ ነው፣ አንዱ ሲዘፍን ሌላው በማይኩ እየሰማ። እኛም ቤት እንዲሁ ነበር። አባቴ ከጎረቤት ቴፕ ተውሶ ሲቀዳ እኛን ልጆቹን አልጋ ላይ ደርድሮ "ትንፍሽ እንዳትሉ" ይለን ነበር፤ የሳቀ ይቆነጠጣል። እንዲህ የተቀዳ ካሴት ከዘፈኑ ጋር ቤቱን ይዞ ይቀራል። ይኼኛው ዝናብ ይዟል፣ ቆርቆሮ ላይ። ሩቅ የሚጮህ ውሻ ይዟል። በመሐሙድ መካከል አፍ ተይዞ የታፈነ ሳል ይዟል። ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ አንድ ረጅም ትንፋሽ ይዟል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ መጀመሪያ ጆሮዬ ያታለለኝ መስሎኝ ነበር። ዝናቡ ባባራበት ቦታ፣ ዘፈኑ ከመጀመሩ አንድ ሁለት ሰከንድ ቀደም ብሎ ያው ዘፈን በጣም ከሩቅ ይሰማል። ጠጋኙን አባት ስጠይቃቸው አስረዱኝ። የካሴቱ ክር ተጠቅልሎ ሲቀመጥ አንዱ ዙር ሌላው ላይ ይተኛል፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ የአንዱ ዙር ማግኔት ጎረቤቱ ላይ ደብዘዝ ያለ አሻራ ይተዋል። ካሴት ሳይሰማ ብዙ ሲቆይ ገና ያልመጣውን ዘፈን አስቀድሞ ያስታውሳል ማለት ነው። ይህን ሲነግሩኝ ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ ዓይኔ እንባ ሞላ። እሳቸውም አይተው ዝም አሉ።

ረቡዕ ለሁለተኛ ጊዜ ስሰማ በጆሮ ማዳመጫ ነበር፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ። የቢ የመጨረሻው ዘፈን፣ ሴትዮዋና ክራሩ፣ ሁለት ስንኝ ያህል ከሄደ በኋላ በር ይንኳኳል። ሦስት ጊዜ፣ በቀስታ። ከዚያ ከማይኩ አጠገብ አንድ ድምፅ "ማነው?" ይላል፤ ቀጭ፣ ይቋረጣል።

የሴት ድምፅ ነው።

መላ ሰውነቴን ነዘረኝ። ሦስት ቀን ሙሉ "እሱ" ስላት የነበረችው ሴት ነች። የጽሕፈቱ ቀጥታ፣ ትዕግሥቱ፣ የታፈነው ሳል፣ ሁሉም እንደገና ተደርድሮ ሌላ ሰው ሆነ። ይቅርታ ልላት ፈለግሁ። በ90 ደቂቃ ውስጥ የተናገረችው ያችን አንዲት ቃል ነው፤ ዝቅ ባለ፣ በተጠነቀቀ ድምፅ። ክረምት 81 ነው፤ የሰዓት እላፊ ዘመን። የግንቦቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ ገና ጥቂት ወራቸው ነው፣ ሰሜን ጦርነት ነው። እኔ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በማታ በር ሲንኳኳ ቤታችን ውስጥ ያሉት ትልልቅ ሰዎች ፊት እንዴት እንደሚሆን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። "ማነው?" የምትለዋን ቃል እንደዚያ ባለ ድምፅ ሲሏት ሰምቻለሁ።

ከቀጭታው በኋላ ያው ዘፈን ከመጀመሪያው ይነሳል። በዚህኛው ጊዜ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ዝናቡ ቆሟል። ጥቂት እንደቆየ ስኒ ይሰማል። ዘፈኑ ያልቃል፣ እንደ ልማዷ ትጠብቃለች፣ ቀጭ። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ሰዓት ይዤ ለካሁት፣ ሰባት ደቂቃ ገደማ። የካሴት ክር በሰከንድ አምስት ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም፤ እንደዚያም ሆኖ ሰባት ደቂቃ ወደ 20 ሜትር ባዶ ክር ነው። አንድ ሙሉ ትዝታ ይይዝ ነበር። ጥርሱንም አልሰበረችውም።

ያንን ባዶ ክፉ አድርጌ ነበር የተረጎምኩት። ማታውን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማን መጣባት? ለምን አልጨረሰችውም?

ዛሬ እሑድ አይደል፣ ቴፑንም ክዳኑንም ይዤ እማዬ ቤት ሄድኩ። ክዳኑ ገጠመ። ቡና አፈላች፣ ካሴቱን ከኤ መጀመሪያ ከፈትኩላት፣ ምንም ሳልነግራት። እማዬ ዘፈን ስትሰማ አትናገርም፤ ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሰብስባ ወለሉን ታያለች። ታናሽ ወንድሟ ያን ክረምት ሰሜን ግንባር ነበር። አልተመለሰም። ስለ እሱ የምታወራው በጥቂቱ ነው፣ እኔም አልጠይቃትም፤ ካሴቱን ይዤ መሄዴ ልክ ይሁን ስሕተት መንገድ ላይ ስከራከር ነበር የመጣሁት። ዝግ ያለው ትዝታ ሲጀምር አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና ተመለሰች።

በሩ ሲንኳኳ ግን እጇን አነሳች።

"ማነው?" አለች ካሴቱ ውስጥ ያለችው።

"ሴት ናት" አለች እማዬ። "ጠብቂ፣ አታጥፊው።"

ዘፈኑ እንደገና ተነሳ። ስኒው ሲሰማ ጭንቅላቷን ወደ ስፒከሩ አዘነበለች። "መልሺው" አለችኝ። መለስኩት። "አንድ ጊዜ ደግሞ።" ደግሜ መለስኩት።

"ሁለት ስኒ ነው" አለች።

እኔ ይህን አልለየሁትም ነበር። አሁን ግን ለየሁት፤ አንዱ ሲቀመጥ፣ ጥቂት ቆይቶ ሌላው ከወዲያ በኩል ሲቀመጥ።

"አየሽ፣ ልጄ፣ ሰው ለራሱ ብቻ ብሎ በዚያ ሰዓት ቡና አያፈላም። የመጣው የምትፈራው ሰው አልነበረም።"

"እማዬ፣ ሰዓት እላፊ እኮ ነበር።"

"ይኑራ! ከመጣ ያድራል።"

"ታዲያ ካሴቱን ለምን አልጨረሰችውም?"

እማዬ መልሱ ግልጽ የሆነባት ሰው አስተያየት አየችኝ። "ሰውዬው መጥቶላት? ከዚያ ወዲያ ምን አድርጊ ብለሽ ነው ትዝታ የምትቀዳው?"

ይህን ስትል ድምፏ ውስጥ ቅናት ፈልጌ ነበር፤ አልነበረም። ደስ ብሏት ነበር፤ ለማታውቃት ሴት፣ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት ለተንኳኳ በር።

ከዚያ ያሰብኩትን ነገርኳት። የቢ ጥርስ ደህና ነው፣ ሰባቱ ደቂቃ ባዶ ነው፤ እሷ ምስር ስትለቅም የምታንጎራጉረውን ትዝታ እዚያ ላይ ልቅዳው። አስቤው የመጣሁት ነገር ነበር፣ በጣምም ፈልጌው ነበር።

"አይሆንም" አለችኝ። "የሰው ነው። እሷ የተወችውን እንዳለ ተዪው። የእኔን ከፈለግሽ ሌላ ካሴት ግዢ።"

ሌላ ካሴት የት እንደሚገኝ አሰብኩ። ምናለሽ ተራ አይጠፋም።

የመጨረሻው ዘፈን አልቆ ባዶው ክር መሄድ ሲጀምር ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ፤ እማዬ ያዘችኝ። ሦስተኛውን ቡና ቀዳችልኝና ስኒዋን ፊቷ አስቀመጠች። ሽሽሽ የሚለውን ብቻ እየሰማን ተቀመጥን። ረጅም ነው ሰባት ደቂቃ። አንድ ጊዜ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ድምፅ ግን አልወጣትም። ክሩ ሲያልቅ ቁልፉ በራሱ ቀጭ ብሎ ተነሳ።