የጃፓንን የመለየት ዘፈኖች መዝፈን እንዴት ተማርኩ

ጃፓን ውስጥ ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ጋር ራት ከወጣችሁ፣ ማምሻው ላይ ካራኦኬ አይቀርም። ማይኩ ተራ በተራ ይዞራል። «እኔ እንግዳ ነኝ» ብሎ ማሳለፍ ለጊዜው ይሠራል። ሲደጋገም ግን ያስተዛዝባል። ስለዚህ የሆነ ዘፈን ማጥናት ነበረብኝ። ፈጣኖቹን ምላሴ አይችላቸውም፤ ዝግ ያሉትን መረጥኩ። ዝግ ያሉት ደግሞ አብዛኞቹ ስለ ተለያዩ ፍቅረኞች ናቸው። በዚህ ሰበብ ቶኪዮ ላይ የመለየት ዘፈን ተማሪ ሆኜ ቀረሁ።

የምለማመደው ብቻዬን ነው። እዚህ ብቻውን ካራኦኬ የሚገባን ሰው ማንም እንደ ጉድ አያየውም፣ እንዲያውም «ሂቶካራ» የሚባል ስም አለው። ቀን ላይ ደግሞ ዋጋው ይቀንሳል። ጠባብ ክፍል፣ ስክሪን፣ ማይክ፣ ዘፈን መምረጫ ታብሌት፣ በቃ። ካራኦኬን ኢኖዌ ዳይሱኬ የሚባል የኮቤ ሙዚቀኛ በ1971 ሠርቶ ለመጠጥ ቤቶች ያከራየው ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የፈጠራ መብት ግን አላስመዘገበበትም፤ ያሳዝነኛል። ስክሪኑ በየካንጂው (ከቻይና በመጣው የጃፓን ጽሕፈት ምልክት) አናት ላይ አነባበቡን በትንንሽ ፊደል ስለሚጽፍ፣ ካንጂ ገና ያልዘለቀው ሰውም መከተል ይችላል።

የጀመርኩት በኤንካ ነው፣ በቆየው የጃፓን የእንጉርጉሮ ዘፈን ስልት። ወጣቶቹ «የሽማግሌ ዘፈን» ይሉታል፣ አልተሳሳቱም። ለሐበሻ ጆሮ ግን ከዚህ የቀለለ መግቢያ የለም። ኤንካ በብዛት የሚዜመው በአምስት ድምፅ ነው። ከሰባቱ የስኬል ድምፆች አራተኛውና ሰባተኛው ይዘለላሉ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይቀራሉ። ይህ የኛው ትዝታ ነው! ለሐዘኑ ደግሞ ሚ እና ላን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጓቸዋል። እሱም ትዝታ ማይነር ነው። ማመን አቅቶኝ ኪቦርድ ላይ እየደጋገምኩ ፈትሼዋለሁ። ነገሩ እዚያ ላይም አያበቃም፤ ከጥንቶቹ የጃፓን ቅኝቶች አንዱ ከአምባሰል ጋር፣ የኦኪናዋው ደግሞ ከባቲ ጋር ድምፅ በድምፅ ይገጥማል። ማን ከማን ወሰደ የሚል ክርክር የሚወድ ይከራከር። ለእኔ ማንም ከማንም የወሰደ አይመስለኝም።

የመጀመሪያ ዘፈኔ በ1977 የወጣው የኢሺካዋ ሳዩሪ የክረምት ዘፈን ነበር፣ ስለ ጹጋሩ የባሕር ሰርጥ የሚያወራው። አንዲት ሴት ከቶኪዮው ኡኤኖ ጣቢያ የሌሊት ባቡር ተሳፍራ በስተሰሜን ያለችው አኦሞሪ ትወርዳለች። ጣቢያው በበረዶ ተሸፍኗል። ወደ ሰሜን የሚመለሰው ሕዝብ አንድም ቃል አይተነፍስም፣ የባሕሩን ጩኸት ብቻ ያዳምጣል። ከዚያ ለብቻዋ ማሻገሪያው መርከብ ላይ ትወጣለች። ሰውየው ማን እንደነበር፣ ምን እንዳደረጋት፣ ማን ማንን እንደተወ አይነገረንም። ደህና ሁን፣ እኔ ወደ አገሬ ልግባ ትለዋለች፣ አለቀ። መርከቡ ራሱ በ1988 ከባሕሩ ሥር የባቡር ዋሻ ሲከፈት አገልግሎቱን አቁሟል። ዘፈኑ ግን አሁንም በየካራኦኬው ይጠራል።

ቅኝቱ ከአገሬ ስለሆነ ዜማውን ቶሎ ያዝኩት። የከበደኝ አባባሉ ነው። እኛ ስንለያይ እንወቅሳለን፣ እንማጸናለን፣ ምነው ጨከንሽ እንላለን። ዓይኗን፣ ጥርሷን፣ አንገቷን እንዘረዝራለን። ይህች ሴት ግን በረዶውን ነው የምታሳየኝ። ወቀሳ የሌለበትን ሐዘን በምን ዓይነት ድምፅ ነው የሚዘፍኑት?

ወደ ፖፑ ስሻገር ነገሩ ይበልጥ ጎላብኝ። ያማዛኪ ማሳዮሺ በ1997 ያወጣው አንድ ዘፈን አለ። ሺንካይ ማኮቶ በ2007 አኒሜ ፊልሙ ውስጥ ስላስገባው፣ ከጃፓን ውጭ ያሉ ወጣቶችም ያውቁታል። ሰውየው የሄደችበትን ልጅ ይፈልጋል። ማዶ ባለው የባቡር መሳፈሪያ ላይ፣ በቅያስ መንገድ መስኮቶች፣ በባቡር ሐዲድ ማቋረጫ፣ በሳኩራጊቾ። እነዚህ ቦታዎች ላይ እንደማትገኝ እያወቀ ነው የሚፈልጋት። ሳኩራጊቾ ዮኮሃማ ውስጥ ያለ ጣቢያ ነው። አንድ ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። ምንም የለውም፤ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል። ከዚያ በኋላ ግን ዘፈኑን የምዘፍንበት መንገድ ተቀየረ። ልቅሶውን ትቼ እያንዳንዱን ቦታ በዓይኔ እየፈለግኩ መዝፈን ጀመርኩ። ድምፄ በራሱ ጊዜ ዝቅ አለ።

ኡታዳ ሂካሩ በ1999 ስለ መጀመሪያ ፍቅሯ የዘፈነችውም እንዲሁ ነው። ዘፈኑ ሲወጣ 16 ዓመቷ ነበር። የሚጀምረው የመጨረሻው መሳም የትምባሆ ጣዕም እንደነበረው በመናገር ነው። ያ ጣዕም ብቻውን ልጁንም፣ ዕድሜውንም፣ ያለቀውንም ነገር ይነግራችኋል። በዘፈኑ ስም የተጠራው አልበም ጃፓን ውስጥ ከ7 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጦ እስካሁን የሚያህለው አልተገኘም። ዮኔዙ ኬንሺ በ2018 ስለ ሞተ ሰው የዘፈነው ደግሞ የሎሚን መራራ ሽታ ይይዛል። ዘፈኑን እየሠራ ሳለ አያቱ ሞተውበታል። አሁን አዲስ ዘፈን ሳጠና መጀመሪያ የምፈልገው ያችን አንዲት ነገር ነው። ሽታ ልትሆን ትችላለች፣ ጣቢያም፣ ወቅትም። እሷን ካላገኘሁ ዘፈኑን አልነካውም።

አሁን ወደ ቴክኒኩ። ጃፓኖች ዘፈኑን «ኤ ሜሎ»፣ «ቢ ሜሎ» እና «ሳቢ» ብለው ይከፍሉታል። ሳቢ ማለት አዝማቹ ነው። ኤ ሜሎ ላይ ለሰው እንደሚያወሩ ሆኖ፣ ቢ ሜሎ ላይ ትንሽ ተነስቶ፣ ሳቢ ላይ መልቀቅ። የትዝታ ሰው ከመጀመሪያዋ ስንኝ ጀምሮ ነው የሚያንጎራጉረው፤ እዚህ ግን መጀመሪያ ላይ ያለቀሰ ሰው ለሳቢ የሚተርፈው ነገር የለም። በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ሳቢ ቁልፉ፣ ማለትም ዜማው የሚነሳበት ድምፅ፣ ከፍ ይላል። ትንፋሽ የሚቆጠበው ለዚያ ነው።

ኮርዱንም (ዜማውን ለማጀብ አብረው የሚመቱትን ድምፆች) ማወቅ ጠቅሞኛል። ጃፓኖች «የንጉሥ ጎዳና» የሚሉት አካሄድ አለ፤ በሲ ቁልፍ ኤፍ፣ ጂ፣ ኢ ማይነር፣ ኤ ማይነር ማለት ነው። ጂ ሲመታ ጆሮ «አሁን ሲ ላይ ያርፋል» ብሎ ይጠብቃል። አያርፍም፣ ወደ ኢ ማይነር ይታጠፋል። በየዘፈኑ ሳቢ ውስጥ እየመጣ ሆዴን የሚያባባው ይህ እንደሆነ ያወቅኩት ኪቦርድ ላይ ተቀምጬ ነው። ማወቄ ማባባቱን አላስቀረውም።

አነጋገሩ ላይ አማርኛ ረድቶኛል። ኪቴ ላልቶና ኪቴ ጠብቆ በጃፓንኛ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አውሮፓውያኑ እዚህ ላይ ሲቸገሩ እኛ ማጥበቅ ማላላቱን ከእናታችን ጡት ጋር ጠብተነዋል። የተቸገርኩት «ን» ላይ ነው። በዘፈን ውስጥ ቃል መጨረሻ ላይ ያለች ን ብዙ ጊዜ የራሷን ምት ትይዛለች፣ ሌላው ፊደል የሚያገኘውን ያህል። ከፊቷ ካለው ድምፅ ጋር ካጣበቅኳት ከሙዚቃው ቀድሜ እገኛለሁ። መፍትሔው ግጥሙን ሳይዘፍኑ ጠረጴዛ እየመቱ ማንበብ ነው። ይሰለቻል፣ ይሠራልም።

ነጥብ የሚሰጠው ማሽንም አለ። ድምፁ መስመር ላይ መሆኑን፣ ንዝረቱን፣ ከታች ወደ ላይ የሚሳበውን፣ የሚሽከረከረውን ሁሉ ይቆጥራል። የመጨረሻውን «ኮቡሺ» ይሉታል፤ የኛ ቅላጼ የቅርብ ዘመዱ ነው። ኤንካ ላይ ቅላጼዬ ያምርብኛል። ፖፑ ላይ ስደግመው ግን ማሽኑ ኮቡሺዬን ቆጥሮ ከመስመር መውጣቴንም ይቆጥርብኛል። ቅላጼውን ከፖፑ ማውጣት ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ሥራ ነው። የነጥቡን ቁጥር ግን አታምልኩ። ከፍተኛ ነጥብ አምጥቶ ክፍሉን ያስተኛ ሰው አይቻለሁ።

ስለ ክፍሉ ካነሳሁ አይቀር፣ የአድማጩ ነገር መጀመሪያ አስደንግጦኝ ነበር። አዝማሪ ቤት ሰው ልቡ ሲነካ እልል ይላል፣ ብር ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ ቢያንስ «አቤት!» ይላል። እዚህ ዝም ነው። ጠላኝ ብዬ ቁጭ አልኩ። በዕድሜ የገፉ አንዲት ባልደረባዬ ቆይተው ወደ እኔ ዞረው «ያ ጣቢያ የኔም ጣቢያ ነበር» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ካትሱሺካ የሚባለው የቶኪዮ ወረዳ ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በዓል ላይ ሰብሰብ ስንል ትዝታ ዝፈን አሉኝ። ዘፈንኩ። ጓደኛዬ መሃል ላይ «አንተ፣ ምነው በረደህ? በለው እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። አልፈርድበትም። አንዱን ሲማሩ ሌላው ትንሽ ይነካል። አሁን ሁለቱን በተለያየ ቀን ነው የምለማመደው።

መጀመር ለምትፈልጉ፦ አንድ ኤንካ፣ ከዚያ የ1997ቱን ያማዛኪ፣ ከዚያ ኡታዳን። ታብሌቱ ላይ ቁልፍ ዝቅ የሚያደርገውን ምልክት አትፈሩት፣ ጃፓኖቹም ይጫኑታል። የሴት ዘፈን ለወንድ ሲሆን ደግሞ ግዴታ ነው። እኔ አሁን ያለሁት ኦፊሻል ሂጌ ዳንዲዝም የሚባለው ባንድ በ2019 ያወጣው ተወዳጅ ዘፈን ላይ ነው። የሳቢውን ከፍታ ገና አልደረስኩበትም፤ ወጣቶቹ ባልደረቦቼ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ማይኩን ይቀሙኛል።