ስራራለት የባሰበት ድድ

ዛሬ ጠዋት የተፋሁት አረፋ ነጭ ነበር። ውሃውን ሳልከፍት ቆሜ አየሁት። ሰው የገዛ ምራቁን እንዲህ በፍቅር ያያል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ነገሩ ሌላ ነበር። ጥርሴን በቦረሽኩ ቁጥር አረፋው ሮዝ ይሆናል። አንዳንዴ ቀይ ክር የመሰለ ነገር ተጠማዞ አብሮ ይወርዳል። ህመም ግን የለውም። ያታለለኝም እሱ ነው፤ ቢያመኝ ኖሮ በማግስቱ ሐኪም ቤት እገኝ ነበር። ስለማያመኝ "ብሩሹ ጠንክሮብኝ ነው" እያልኩ አንድ ዓመት ያህል አለፈ። ጣቴ ያለ ምክንያት በየቀኑ ቢደማ ዝም አልልም። የድዴን ግን ለመድኩት።

መልመዴ ብቻ ቢሆን ጥሩ። የሚደማውን ቦታ መሸሽም ጀመርኩ። በመጀመሪያ እዚያ ጋ ስደርስ እጄን ቀለል አደርግ ነበር። ቀስ በቀስ ጭራሽ እዘለው ጀመር። የጥርስ ክር አንድ ቀን ሞክሬ ደሙን ሳይ ደንግጬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ቁስል አይነካካም ተብለን አይደል ያደግነው? እኔም እንዲያርፍ፣ እንዲያገግም ብዬ ነው። ለድዴ ማዘኔ ነበር እንግዲህ።

ሐኪም ቤት የወሰደኝ ፎቶ ነው። ጓደኛዬ ስስቅ ያነሳኝን ፎቶ አሰፋሁና ጥርሶቼ ሥር ስር የሄደ ቀይ መስመር አየሁ። ድዱ እንደ ሌላው ሰው ድድ ጠበቅ ብሎ ጥርሱን የያዘ አይመስልም። አብጦ፣ ቀልቶ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ሆኗል።

ዶክተሯ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። በሚሊ ሜትር የተሰመረች ቀጭን ብረት ይዘው በእያንዳንዱ ጥርስና ድድ መካከል ቀስ እያሉ ያስገባሉ፤ ቁጥር ይጠራሉ፣ ረዳታቸው ትጽፋለች። 2፣ 3፣ 2፣ 3። እኔ አፌን ከፍቼ እንደ ውጤት ጠባቂ ተማሪ አዳምጣለሁ። የኋላ ጥርሶች ጋ ሲደርሱ 4፣ 4፣ 5 ማለት ጀመሩ። ውጤት ከፍ ሲል ደስ የማይለው እዚህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በኋላ እንዳስረዱኝ ጤነኛ ድድና ጥርስ መካከል ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት አለ። 4 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ክፍተቱ ጠልቋል ማለት ነው። ብሩሽ ደግሞ እዚያ ድረስ አይገባም።

"እዚህ ጋ አትቦርሽም አይደል ልጄ?" አሉኝ።

"ስለሚደማ ነዋ፣ ዶክተር።"

"ስላልቦረሽክ እኮ ነው የሚደማው።"

ምን ልበል? አፌ ክፍት ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ጥርስ ላይ ሁልጊዜ ፕላክ የሚባል የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ የባክቴሪያ መንደር በሉት። ድዱ ጠርዝ ላይ ካልተነካ ባክቴሪያዎቹ ድዱን ይቆጠቁጡታል፤ ሰውነትም ለመከላከል ደም ወደዚያ ይልካል። ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ድዱ ያብጣል፣ የውስጥ ሽፋኑም ይሳሳል። ከዚያ በኋላ ምንም ለስላሳ ነገር ቢነካው ይደማል። ብሩሹ ቁስል አልፈጠረም፤ የነበረውን ነው የገለጠው። ይህ የድድ ብግነት ጂንጂቫይትስ ይባላል። ደግነቱ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ዝም ከተባለ ግን በአንዳንዱ ሰው ወደ ውስጥ ይዘልቅና ጥርሱን የያዘውን አጥንት መብላት ይጀምራል። ያኔ ስሙ ፔሪዮዶንታይትስ ይሆናል። የተበላው አጥንት በራሱ ተመልሶ አይበቅልም፤ ማስቆም ግን ይቻላል። የእኔ ራጅ ሲታይ አጥንቱ ገና ደህና ነው። ክፍተቱ የጠለቀው ድዱ ወደ ላይ ስላበጠ ነው። ይህን ስሰማ ወንበሩ ላይ ተለቅ ያለ ትንፋሽ ተነፈስኩ።

የዚያን ቀን ማታ ስለ ድድ ሳነብ አመሸሁ። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ ሃራልድ ሎ የሚባል ኖርዌያዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ የሠሩት። ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎችን ጥርሳችሁን ማጽዳት አቁሙ አሏቸው። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ከዚያ ማጽዳት ጀምሩ ሲባሉ በአንድ ሳምንት ገደማ ዳኑ። መድኃኒት የለ፣ መርፌ የለ። እኔ ሳላውቀው ሙከራውን ራሴ ላይ ስደግመው ከርሜያለሁ። እነሱ ግን የት ላይ እንደሚያቆሙ ያውቁ ነበር።

ጥርሴን ማሳጠቡ ደስ አይልም። ፕላክ ሳይነካ ሲቆይ በምራቅ ውስጥ ያለው ማዕድን ያጠነክረውና ታርታር ይሆናል፤ እሱን ደግሞ ብሩሽ አያነሳውም፣ የሐኪም መሣሪያ ነው የሚያነሳው። ውሃ የሚረጭ፣ ሲጢጥ የሚል ነገር አፌ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ዞረ። ሲያልቅ ምላሴ የማታውቃቸውን ክፍተቶች ስታስስ ዋለች። ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ጥርሴን ያንዘረዝረኝ ነበር፤ አለፈ።

ዶክተሯ ብዙ ጠይቀውኛል። ስኳር አለብህ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለህ? ሌላ ቦታ ይደማሃል፤ አፍንጫህ፣ ወይም ቆዳህ ሳትመታ ይበልዛል? እንዲህ ያለው ነገር ካለ የደም ምርመራ ያዝዛሉ፤ ጣጣው ከድድ ያለፈ ሊሆን ይችላላ። ስኳር ቁጥጥር ሲያጣ ድድ ይጎዳል፣ በእርግዝናም ጊዜ በሆርሞን ምክንያት በቀላሉ ይደማል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደም አየሁ ብሎ ከሐኪሙ ሳይማከር እንዳያቆም አጥብቀው ተናገሩ። የገረመኝ የሲጋራው ነው። የሚያጨስ ጓደኛዬ "የኔ ድድ አንድ ቀን ደምቶ አያውቅም" ይለኝ ነበር፣ በኩራት። ለካ ሲጋራ የድድ የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ድዱ ታሞም ደሙ ላይታይ ይችላል። ነገርኩት፤ አልሳቀም።

መጉመጥመጫውንም ጠየቅኩ። ክሎርሄክሲዲን የሚባል ባክቴሪያ ገዳይ ያለበት ለአጭር ጊዜ ይረዳል አሉኝ፤ ሲቆይ ግን ጥርስ ያጠቁራል፣ ጣዕምም ያዛባል፣ የብሩሽን ሥራ ደግሞ አይሠራም። እሺ ብዬ ተውኩት።

ከባዱ ቤት ነው የጀመረው። በቀን 2 ጊዜ፣ ለ2 ደቂቃ፣ በለስላሳ ብሩሽ። ስልኬ ላይ ሰዓት ስሞላ የድሮው ቦረሻዬ 40 ሰከንድ እንኳ እንደማይሞላ አወቅኩ። በዚያ ላይ የከሰለ ድስት እንደሚፈትግ ሰው ነበር የምፈትገው፤ እንዲህ ያለው ፍትጊያ ደግሞ ድድን ያሸሻል። አሁን ብሩሹን በ45 ዲግሪ ወደ ድዱ ጠርዝ አዘንብዬ በትንንሹ አንቀሳቅሳለሁ። ማታ ማታ ክር፤ ሰፋ ባሉት ክፍተቶች ደግሞ ትንሿ የመሐል ብሩሽ።

መጀመሪያ ላይ ደሙ ከበፊቱም ባሰ። በሦስተኛው ቀን ክሩን ይዤ መስታወት ፊት ቆሜ ልተወው ነበር። ያ የድሮው ርኅራኄዬ መጣብኛ! እጄ ራሱ ወደ ኋላ ይላል። ዶክተሯ ግን አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ "በእርጋታ ቀጥል፣ በአንድ ሁለት ሳምንት ካልቀነሰ ተመለስ" ብለው። ቀጠልኩ። በስምንተኛው ቀን ክሩ ላይ ያለው ቀይ ነጥብ ብቻ ሆነ። ከዚያ በአንዳንዱ ቀን እሱም ጠፋ።

ከታች በግራ በኩል፣ የመጨረሻው መንጋጋ ጀርባ፣ አሁንም አልፎ አልፎ ይደማል። እጄ እዚያ በደንብ አይደርስም፤ አፌን በጣም ስከፍት ጉንጬ መንገድ ይዘጋብኛል። ትናንት ማታ አፌን ገርበብ አድርጌ ብሩሹን ከጎን ሳስገባው ገባ። ሁለተኛው ልኬታ ከአንድ ወር በኋላ ነው። እዚያች ጥርስ ላይ 5 ተብሎ ነበር የተጻፈው።