ኮሮላዬን የወለደው የሽመና ቤት

የጃፓኗ ናጎያ ከተማ የደረስሁት እሑድ ማታ ነው። በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ሲሆን የቶዮታ የኢንዱስትሪና የቴክኖሎጂ መታሰቢያ ሙዚየም ደጃፍ ቆሜ ነበር፤ በሩ ግን ዝግ ነው። ሙዚየሙ ሰኞ ሰኞ አይከፈትም። ለዚህ ጉዞ ስዘጋጅ አንድ ወር ሙሉ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከርሜ፣ ልብ ማለት የነበረብኝን አንዱን መስመር ዘልዬዋለሁ። ጥፋቱ የራሴ ሆኖ ሳለ የበር ጥበቃው ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ምን እንደምመልስ ስለጨነቀኝ እኔም ጎንበስ አልሁ፤ እሱም ደገመ። ላየው ያሰብሁት፣ ናጋኩቴ በምትባለው ከተማ የሚገኘው ሁለተኛው የቶዮታ ሙዚየምም እንዲሁ ሰኞ ዝግ ስለሆነ የቀረው ቀን በዝናብ ውስጥ እንዲሁ አለፈ።

ሌሊቱም ከቀኑ አልተሻለም። ለአንድ አዳር 7,800 የን የከፈልሁበት ክፍል አልጋውን ካወጡለት በኋላ ሻንጣ የሚዘረጋበት ቦታ አልነበረውም፤ ያ ባልከፋ፣ ሲጋራ የሚጨስበት ክፍል ሰጥተውኝ ኖሮ መጋረጃው ሳይቀር ይሸታል። መስኮቱ ከአንድ ጣት በላይ አይከፈትም። ከዚህ ሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን ጣቢያው ውስጥ ያለው የዕቃ ሳጥን ነው። እሑድ ማታ 700 የን ከፍዬ ትልቁን ሻንጣዬን አስቀመጥሁ፤ ማክሰኞ ጠዋት ልወስድ ስል 1,400 የን ጨምር አለኝ። ለካስ ሳጥኑ ቀን የሚቆጥረው ሌሊት 6 ሰዓት ባለፈ ቁጥር ነው። የእሑዱ ቀን ለእኔ ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። ከማሽን ጋር ደግሞ አይከራከሩት ነገር።

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ አንዲት መኪና ናት። ከአባቴ የወረስኋትን የ1986 ሥሪት ኮሮላ እስከ ዛሬ እነዳታለሁ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ 380 ሺህ አልፎ ከቆመ ዓመታት ሆነዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን መንገድ ላይ የጣለችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በእኔው ጥፋት ነው። የዓባይን በረሃ እየወጣሁ ሳለ የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ ሲጠጋ እያየሁ፣ ዳገቱን ለመጨረስ የቀሩኝ ጥቂት ጥምዞች ናቸው ብዬ መቆሙን ናቅሁት። ኋላ የቆምሁት ከኮፋኖው ሥር ነጭ እንፋሎት ሲወጣ ነው። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ወረደ፣ ተላጠ፤ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቀየረ። ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ መካኒኬ የተቃጠለውን ጓርኒሲዮን ፊቴ ዘርግተው «መኪናዋማ ነግራሃለች ልጄ፤ ሰሚ አጣች እንጂ» አሉኝ። ጃፓን እንደምሄድ በሰሙ ጊዜ ደግሞ የዚያኑ ጓርኒሲዮን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፈው፣ «አገሯ ከደረስህማ ኦርጅናሉን ይዘህልኝ ና» ብለው ኪሴ ከተቱልኝ።

ማክሰኞ ዝናቡ ስላላባራ ወደ ሙዚየሙ በባቡር ለመሄድ ወሰንሁ። የሜይቴትሱ ባቡር ናጎያ ጣቢያ ከመሬት በታች ሦስት ሐዲድ ብቻ ነው ያለው፤ በእነዚያው ሐዲዶች ላይ ግን ወደየአቅጣጫው የሚሄዱ ባቡሮች በየሁለት ደቂቃው ይፈራረቃሉ፤ ሰውም ወለሉ ላይ በተቀባው ቀለም እየተመራ ይሰለፋል። እኔ ቀለሙን ሳላይ ገባሁ። የምወርድባት ሳኮ ከናጎያ ቀጥሎ ያለችው ጣቢያ ናት፤ የተሳፈርሁበት ፈጣን ባቡር ግን ስሟን እያነበብሁ አልፏት ሄደ። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ድንጋጤዬን አይተው ቲኬቴን ተቀበሉኝና አነበቡት፤ በሚቀጥለው ማቆሚያ አብረውኝ ወረዱ፤ ወደ ማዶ ተሻግረው ትክክለኛው ባቡር ላይ ካሳፈሩኝ በኋላ በጣታቸው «አንድ፣ ሁለት» እያሉ ስንተኛው ላይ እንደምወርድ አሳዩኝ። የራሳቸውን ባቡር እንዳመለጣቸው የገባኝ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

ሙዚየሙ ሳኪቺ ቶዮዳ በ1911 ባቋቋሙት የሽመና ፋብሪካ ቅጥር ውስጥ የሚገኝ ቀይ የጡብ ግንብ ነው። ከመግቢያው አዳራሽ መሀል የቆመው መኪና ሳይሆን ክብ የሽመና ማሽን ነው። ሳኪቺ በ1867 የተወለዱ የአናጢ ልጅ ናቸው፤ የሰፈራቸው ሴቶችና እናታቸው ሌሊቱን በሽመና ሲደክሙ እያዩ ማደጋቸው ለሥራው እንዳነሣሣቸው ይነገራል። በ1890 የሠሩት የመጀመሪያው የእንጨት መሣሪያ መወርወሪያውን በአንድ እጅ ብቻ ወዲያና ወዲህ ለማመላለስ የሚያስችል ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ በሁለቱም እጁ የሚሠራውን የእኛን ሸማኔ እያየ ያደገ ሰው፣ የአንድ እጅ ማረፍ ምን ያህል ነገር እንደሆነ ማብራሪያ ሳያነብ ይገባዋል።

ከሁሉ አስበልጬ ያየሁት በ1924 የተሠራውን ጂ የተባለውን አውቶማቲክ የሽመና ማሽን ነው። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ማሽኑን አስነሣችው፤ ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ አለው። መወርወሪያው ማግ ሲያልቅበት ማሽኑ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሌላ ይተካለታል። ከዚያ ሠራተኛዋ እጇን ዘርግታ ከድሩ አንዲቱን ክር በጣቷ በጠሰቻት። በእያንዳንዱ ድር ላይ እንደ መርፌ የሳሳች ብረት ተንጠልጥላለች፤ ክሩ ሲበጠስ የሚይዛት አጥታ ወደ ታች ወደቀች፣ ከሥር የሚመላለሰውን አካል ገታችው፣ ያ ሁሉ ጩኸትም በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ከመቶዎች መካከል አንዲት ክር ናት የተበጠሰችው። ማሽኑ ራሱ ስለሚቆም አንድ ሰው 30 እና ከዚያ በላይ የሽመና ማሽኖችን ብቻውን መጠበቅ ቻለ፤ የተበላሸ ጨርቅም መሠራቱ ቀረ። ሠራተኛዋ ክሩን ቋጥራ እንደገና ስታስነሣው እኔ የማስበው ስለ ሙቀት መርፌው ነበር። «እባክሽ አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አልኋት በምልክት። ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ።

በ1929 የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ ኩባንያ የዚህን ማሽን መብት በ100,000 ፓውንድ ገዛ። የሳኪቺ ልጅ ኪይቺሮ ግን ዐይናቸውን የጣሉት መኪና ላይ ነበር። በ1933 በሽመና ማሽን ፋብሪካው ውስጥ የመኪና ክፍል ተከፈተ፤ የአሜሪካ ሸቭሮሌ ገዝተው ብሎን በብሎን ፈትተው አጠኑ፤ በ1935 ጂ1 የተባለውን የጭነት መኪና፣ በ1936 ደግሞ ኤኤ የተባለችውን የቤት መኪና ለገበያ አቀረቡ። የኤኤ ገላ ቆርቆሮው በእንጨት ቅርጽ ላይ ተዘርግቶ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ የወጣ ነው፤ የእንጨት ቅርጹን ሙዚየሙ ውስጥ ማየት ይቻላል። እኔ የምወደው ታሪክ ግን የጭነት መኪናው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጂ1ዎች በየመንገዱ ይሰበሩ ስለነበር ኪይቺሮ ራሳቸው የተሰበረው መኪና ዘንድ እየሄዱ ይጠግኑ ነበር። ዛሬ «ቶዮታ አይሰበርም» ብሎ የሚምል ባለ መኪና ይህን ቢሰማ ደስ የሚለው አይመስለኝም፤ እኔን ግን ደስ አለኝ። ስሙ ከቶዮዳ ወደ ቶዮታ የተለወጠው በ1936 ነው፤ ካታካና በተባለው የጃፓንኛ ፊደል ሲጻፍ 8 ጭረት ስለሚሆንና 8 እንደ መልካም ዕድል ስለሚቆጠር ነው ይላሉ፤ ኩባንያው በዚህ ስም የቆመው በ1937 ነው። በ1950 ገንዘብ አጥቶ ሠራተኛ ሲቀንስና አድማው ሲበረታ ኪይቺሮ ኃላፊነቱን ወስደው ለቀቁ። በዚያው ዓመት በኮሪያ ጦርነት ምክንያት የጭነት መኪና ትእዛዝ ጎረፈ። እሳቸው ግን በ1952 በ57 ዓመታቸው ዐረፉ፤ የኮሮላን መወለድ አላዩም።

ረቡዕ ከፉጂጋኦካ ተነሥቶ በመግነጢስ ኃይል በሐዲዱ ላይ ተንሳፍፎ በሚሄደው ሊኒሞ በተባለው ባቡር ወደ ናጋኩቴ አቀናሁ። የቶዮታ አውቶሞቢል ሙዚየም በ1989 የተከፈተ ሲሆን የሌሎች ኩባንያዎችንም መኪና ሳይሰስት ያሳያል። የመጀመሪያዋ ኤኤ በደጁ ቆማለች፤ የቆመችው ግን እንደገና የተሠራች አምሳያዋ ናት። ከተሠሩት 1,404 ኤኤዎች መካከል እስከ ዛሬ መኖሯ የታወቀው አንዲት ብቻ ስትሆን፣ የተገኘችው በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ነው፤ መሪዋ ወደ ግራ ተዛውሮ፣ የሩሲያ ጭነት መኪና አካል ተገጥሞላት፣ ተጨማልቃ። አሁን ያለችው ሆላንድ ውስጥ ሄግ ባለ ሙዚየም ነው። ማንም ይሁን ማን፣ ያን መኪና በዚያ ብርድ ለዓመታት ያነዳት ሰው ወዳጄ ነው።

ከ1966ቱ የመጀመሪያው ኮሮላ አጠገብ ረጅም ጊዜ ቆምሁ። ንድፉን የመሩት ታትሱኦ ሀሴጋዋ ቀድሞ አውሮፕላን ይነድፉ የነበሩ መሐንዲስ ናቸው፤ መርሓቸውም መኪናዋ በምንም ነገር ከ100 ከ80 በታች ማግኘት የለባትም፣ በአንዳንዱ ግን ከ80 አልፋ ባለቤቷን ማስደሰት አለባት የሚል ነበር። ተፎካካሪዋ የኒሳን ሰኒ 1,000 ሲሲ ሆና በመምጣቷ የኮሮላ ሞተር ወደ 1,077 ከፍ ተደረገ፤ ማስታወቂያውም «100 ሲሲ ጭማሪ» እያለ ይኩራራ ነበር። በ2021 የዓለም ሽያጯ 50 ሚሊዮን አልፏል። ስለ እኔዋ እንድመሰክር ብጠየቅ፣ ፍሬኗና መሪዋ በትክክል 80 ናቸው፤ መቀመጫዋ 80 አይሞላም፤ ሌሊት በብርድ አድራ ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ መነሣቷ ግን ከ100 በላይ ነው።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንድ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። እርሳቸውም የመጀመሪያ መኪናቸው ይህችው ኮሮላ እንደነበረች በልጅቷ በኩል ነገሩኝ። ለስንት ዓመት እንደነዷት ጠየቅሁ፤ አራት ዓመት። ከዚያ በኋላ ስምንት መኪና ቀያይረዋል፤ አንዷንም 100,000 ኪሎ ሜትር አላደረሱም። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ ሻከን የሚባለውን ምርመራ ጠቀሱ፤ አዲስ መኪና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል፤ ወጪው ቀላል ስላልሆነ ብዙ ሰው ቀኑ ሲቃረብ መኪናውን መለወጥ ይመርጣል። የናጎያ መንገዶች ላይ የእኔን መኪና ዘመዶች ሁለት ቀን ፈልጌ ያጣሁት ለዚህ ኖሯል። መኪና ለማስመዝገብ ደግሞ የማቆሚያ ቦታ እንዳለ ማስረጃ ማቅረብ ግዴታ ነው፤ ይህን ስሰማ የሰፈሬን ቅያስ አስታውሼ ሳቅሁ፤ ለምን እንደሳቅሁ ለማስረዳት ግን የልጅቷ እንግሊዝኛም የእኔም አልበቃም።

የእኔን ታሪክ በተራዬ ነገርኋቸው፤ 380 ሺህና መቁጠሪያው ከቆመ በኋላ የተጨመረውን ሁሉ። አዛውንቱ ልጅቷን ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ቁጥሩን በስልኬ ጽፌ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ማን ነው የሚጠግንልህ?»

የጋሼን ፎቶ አሳየኋቸው፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ግራሶ ሆኖ፣ በኮፋኖው ሥር አጎንብሰው። አዛውንቱ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ለፎቶው ጎንበስ አሉ።

ሐሙስ በረራዬ ማታ ስለነበር ጠዋቱን ለጓርኒሲዮኑ ሰጠሁት። ከጣቢያው ብዙም ከማይርቅ አንድ የመለዋወጫ መደብር ገብቼ ብጣሿን ወረቀት ዘረጋሁ። ሻጩ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈ፣ በጥርሱ መሀል አየር ሳበ፣ አንገቱን ዘመም አደረገ፣ መጽሐፍ የሚያህል ማውጫ አወጣ፣ ለሌላ ሰው ስልክ ደወለ። በመጨረሻ፣ ሞተሩ ለውጭ ገበያ የተሠራ ስለሆነ እርሱ ዘንድ እንደሌለ፣ በትእዛዝ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሊያስመጣልኝ እንደሚችል በትርጉም መሣሪያ ጽፎ አሳየኝ። ከዚያ እስከ በሩ ሸኝቶኝ ይቅርታ ጠየቀ።

ለጋሼ ደወልሁላቸው። አገሩን ሁሉ ዞሬ እንዳጣሁት፣ መኪናዋ በተወለደችበት አገር ጓርኒሲዮኗ እንደሌለ እያዘንሁ ነገርኋቸው። ከበስተጀርባቸው መዶሻ ይሰማል።

«ምን አስለፋህ?» አሉኝ። «እዚህ ከጎረቤት ሱቅ ሁለት አለ። አንዱን አስቀምጥ ብዬዋለሁ። ይልቅ ውኃውን ሳታይ እንዳታስነሣት።»