የዘጠኝ ዓመቱ ሸኚዬ

ዛሬ ውርጩ ገና ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀመረ። ከ2,800 ሜትር በላይ ቤት ሠርቶ የኅዳርን ብርድ ማማረር አያምርም፤ ግን አማረርኩ። መብራትም ጠፍቷል። (ደብረ ብርሃን መብራት ሲጠፋ፣ ብርሃን ከሰማይ ወረደ ብሎ ከተማችንን የቆረቆረውን አፄ ዘርዓ ያዕቆብን እየጠራን የምንቀልደውን ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም።) ልቤን ያለምክንያት ሲከብደው የምሄደው እማ ጋ ነው። ሰበብም አላጣሁም፦ በርበሬዬ ተፈጭቶ እሷ ጋ ከተቀመጠ ሳምንት አልፎታል።

ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ መሸ። ልነሳ ስል እማ «ብቻሽንማ አትሄጂም» አለችና ዞር ብላ «ተነስ፣ እትዬን ሸኝ!» አለች። ማንን? ትንሹን። እኔ 34 ዓመቴ ነው፤ እሱ 9። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ወንዱ ሦስተኛ ክፍል ሲሆንም ይሠራል ማለት ነው። ልጁ ግን አላቅማማም። ከበር ኋላ የአባባን ዱላ አንስቶ እንደ መንዝ ሽማግሌ በትከሻው አጋደመው። ዱላው ይበልጠዋል።

ታች ሰፈር ውሻ ሲጮህ እጄን ጭምቅ አደረገ። «አንቺ እንዳትፈሪ ነው» ብሎኛል።

ያኔ ነው ሐሳቡ የያዘኝ። እኔ ባጃጅ ስሳፈር የጎን ቁጥሩን በቃሌ እይዛለሁ። ኋላ ሁለት ወንዶች ተቀምጠው ከሆነ «ሰው እየጠበቅኩ ነው» ብዬ አሳልፋለሁ። በጨለማ ከኋላዬ ኮቴ ከሰማሁ ጫማዬን ላስር ብዬ ጎንበስ እላለሁ፤ ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ሲያልፍ በራሴ አፍራለሁ። ጫማዬ እኮ ማሰሪያ የለውም።

ወንዶቹስ? ታላቄ አምሽቶ ሲመጣ በአረቄ ቤቱ በር ላለማለፍ ዙሮ እንደሚሄድ የደረስኩበት በአጋጣሚ ነው። ለምን ስለው «በዚያ በኩል ጭቃ ነው» አለኝ። በኅዳር! አባባም ለቅሶ ቤት ይሁን ሰርግ ቤት ጀርባውን ለበር ሰጥቶ ተቀምጦ አያውቅም። የአባወራ ወግ ይመስለን ነበር፤ ምናልባት እሱም በሩን እየጠበቀ ነበር። ጠይቀነው አናውቅም። ወንድ ልጅ ትፈራለህ ወይ ተብሎ መጠየቁ ቀርቶ «ተነስ፣ ሸኝ» መባል የሚጀምረው ስንት ዓመቱ ላይ ነው? ይኸው፣ 9።

ቤቴ በር ደርሰን «በቃ ጎበዝ፣ ተመለስ» አልኩት። ዱላውን ከትከሻው አወረደ። የመጣንበትን መንገድ አየና ቀስ ብሎ «እኔንስ ማን ይሸኘኛል?» አለ።

ሸኘሁት።

እማ በሩን ከፍታ ሁለታችንንም ስታይ ምንም አልተናገረችም፤ ትራስ አወጣች። ይህን የምጽፈው እሷ ቤት፣ ባናው ውስጥ ተጠቅልዬ፣ በስልኬ መብራት ነው። ሸኚዬ አጠገቤ ያንኮራፋል። በርበሬውም ለካ ቀድሞውኑ ረስቼው ወጥቼ ነበር፤ ከራስጌዬ ተቀምጦ ያስነጥሰኛል።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ስንመለስ ዱላው የነበረው በእኔ እጅ ነው። እሱ ሰጠኝ ወይስ እኔ ቀማሁት?