የነሐሴ 3 ሌሊት

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አንድ አምላክ አሜን። ይህን ለመመስከር ሁለት ዓመት ዘገየሁ፤ ያን ሌሊት ዳግም ማሰብ እየፈራሁ ነው።

ባለቤቴ ባሕር ዳር ውስጥ በአሣ ማጥመድ የሚተዳደር ሰው ነው። አረቄ የቱንም ያህል ቢጠጣ አይንገዳገድም ነበርና ጓደኞቹ «ብርቱ» ይሉታል። እኔም ብርታት መሰለኝ፤ ሰውነቱ መጠጡን ለምዶ በየጊዜው ይበልጥ እየጠየቀው መሆኑን አላወቅሁም። ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ የመረቡን ቋጠሮ ማሰር ሲያቅተው «ወባ ነው» አልሁ። ዳሩ ግን በባዶ ሆዱ አንድ መለኪያ ሲጨልጥ እጁ ይረጋ ነበር። ወባ በአረቄ አይድንም። እያየሁ አላየሁም። ከእህል ወጣ፣ ሁለተኛውን መረብ ሸጠ፣ በልጆቹ ስም ምሎ በማግሥቱ ጠጣ። «አቤቱ፣ ይህን መጠጥ ከአፉ ንጠቅልኝ» እያልሁ ሰባት ዓመት ለመንሁ።

ፍልሰታ ሲገባ ተሳለ፤ ከነሐሴ 1 ጀምሮ አልቀመሰም። እልል አልሁ።

በሦስተኛው ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ባለቤቴ በላብ ተነክሮ ብድግ አለና «ውሃው ገባ! ልጆቹን አንሺ!» ብሎ ጮኸ። ሐይቁ ቤታችን የገባ መስሎታል። በደረቅ ወለል ላይ ቆሞ እግሩን ከውሃ እንደሚያወጣ ሰው ያነሣል፤ አልጋው ሥር ጉማሬ አለ ይላል። ልይዘው ስጠጋ ትክ ብሎ አየኝና «አንቺ ሴትዮ፣ እባክሽ ሚስቴን ጥሪልኝ» አለኝ። ያን ጊዜ የተናገርሁትን አልደብቅም። «የለመንሁህን ሰጥተህ ሰውየውን ልትወስድብኝ ነው? ምን ዓይነት አምላክ ነህ?» አልሁት። ይቅር ይበለኝ።

ጎረቤቶች ርኩስ መንፈስ ነው ብለው ገመድ አመጡ። ለሌሊቱ የሰዓታት ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጩኸታችንን የሰሙት የንስሐ አባታችን ግን ግንባሩን ዳስሰው «ልጄ፣ ገመዱን ተዪው፤ ሐኪም ቤት ውሰጂው፤ ጸበሉ ይደርሳል» አሉኝ። ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ። በዚያ ዝናብ ገንዘብ ሳትቀበል ያደረስኸን ባለባጃጅ፣ ስምህን እንኳ አልጠየቅሁህም፤ ድንግል ታውቅሃለች።

ሐኪሟ አስረዳችኝ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም አንጎሉ ይታወካል፤ የሌለውን ያያል፣ ሊያንዘፈዝፈውና ሊገድለውም ይችላል። ማቆም የነበረበት በሐኪም ክትትል ነው። ማስታገሻና ቫይታሚን በመርፌ ሰጡት። እኔ በራስጌው ቆሜ «ከጥፋት ጕድጓድ ከረግረግም ጭቃ አወጣኝ» የሚለውን መዝሙር ስደጋግም ነጋ። ረግረግን የሐይቅ ዳር ሰው ያውቀዋል፤ በታገሉት ቁጥር ወደ ታች ይስባል፣ የሌላ እጅ ይፈልጋል።

በአራተኛው ቀን በስሜ ጠራኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ወድቆ በንስሐና በሕክምና ተነሥቷል። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ገና ምንም ሳይቀምስ የተቀደደ መረብ ይጠግን ነበር። ጣቶቹ አንድ ቋጠሮ አልሳቱም። «ተመስገን» ማለት እንኳ አቅቶኝ ቆሜ አየሁት።