«ኑር» ካልተባለ የሚሞት ሕዋስ

ሱሉልታ፣ የፋሲካ ማግስት

ትናንት የታረደው ጠቦት ደረቱ ሲከፈት ታይመሱ (የደረት ዕጢው) ከልቡ በላይ ተኝቶ፣ ሽቅብ ወደ አንገቱ ተዘርግቶ ይታይ ነበር። ነጣ ያለ፣ ሲነኩት ለስለስ የሚል፣ በቀጭን ሽፋን ጉብጉብ ብሎ የተከፋፈለ። በጎልማሳ በግ ላይ ቦታውን ስብ ይወርሰዋል፤ ሙክት ላይ ግን ዘግየት ይላል፣ መኮላሸት መክሰሙን ያዘገየዋልና። ዣክ ሚለር በ1961 እ.ኤ.አ. ሥራውን እስኪያሳይ ድረስ ይህ ዕጢ ብዙም ቦታ አይሰጠውም ነበር።

እዚያ ውስጥ የሚያድጉት ቲ ሕዋሳት፣ ሰውነትን የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ አብዛኞቹ ሳይወጡ ይሞታሉ። ለመሞት የሚጠብቁት ትእዛዝ የለም፤ «ኑር» የሚለው ምልክት ከቀረባቸው ይበቃል። ይህን ባሰብኩት ቁጥር አዲስ ይሆንብኛል።

ምልክቱ እንደ ዕድሜያቸው ይለያያል። ከገጽ ፕሮቲኖች ሲዲ4ንም ሲዲ8ንም ገና ያላወጡት ለጋዎቹ የሚኖሩት የዕጢው ኤፒቴልየም (የሽፋን ሕዋሳት) በሚያመነጨው መልእክተኛ ፕሮቲን፣ በኢንተርሉኪን-7 ነው። ተቀባዩ ሲነካ መልእክት አስተላላፊዎቹ ፕሮቲኖች ጃክ1 እና ጃክ3 ስታት5ን ያነቁታል፣ ሞትን የሚከለክለው ቢሲኤል-2 ይበዛል፣ የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ ሚቶኮንድሪያው ይጠበቃል። ጋማ የሚባለው የተቀባዩ ክፍል በዘር ጉድለት ከተበላሸ ሕፃኑ ቲ ሕዋስ አልባ ሆኖ ይወለዳል።

ሲዲ4ንም ሲዲ8ንም ሲያወጡ ነገሩ ይገለበጣል። የኢንተርሉኪን-7 ተቀባይ ይጠፋል፣ ቢሲኤል-2 ይወርዳል፣ ሕዋሱ የቢሲኤል-2ን ዘመድ ቢሲኤል-ኤክስኤልን ተደግፎ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል። በዚህ መሃል የቲ ሕዋሱ ተቀባይ ከሰውነቱ የራስ ፔፕታይድ (የፕሮቲን ቁራጭ) ጋር ለዘብ ያለ ትስስር ካገኘ፣ ቢሲኤል-2 ይመለስለታል። ትስስሩ ካየለ ግን ሞት ጠሪዎቹ ፕሮቲኖች ይነሣሉ፣ መጀመሪያ ቢም፤ ባክስና ባክ የሚቶኮንድሪያውን ሽፋን ይበሱታል፣ ሳይቶክሮም ሲ ይፈስሳል፣ ካስፔዝ የተባሉ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ከውስጥ ይቆራርጡታል። ስለዚህ ሁለቱንም ባወጡት ላይ ኢንተርሉኪን-7 ጨምሮ «አላዳናቸውም» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ መቀበያው የላቸውም።

የሚያሳስበኝ ቤተ ሙከራ ውስጥ በእጃችን የምንገድላቸው ናቸው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሆነች አይጥ ታይመስ ከ100 እስከ 200 ሚሊዮን ሕዋስ ይሰጣል። ቀድማ ከተጨነቀች ግን የራሷ የጭንቀት ሆርሞን፣ ኮርቲኮስቴሮን፣ ይፈጃቸዋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ መጀመሪያ አያያዟን መጠየቅ ነው። ሕዋሳቱን በወንፊቱ ሲያሳልፉ መጫን አያስፈልግም፣ ቱቦው ከበረዶ አይለይ። እየሞተ ያለውን ሕዋስ የሚለየው አኔክሲን-ቪ የሚጣበቀው ካልሲየም ሲያገኝ ነው፤ 2.5 ሚሊሞላር ይበቃል። ካልሲየምን የሚይዘው ኢዲቲኤ ከተረፈበት ግን እየሞተ ያለው ጤነኛ መስሎ ይነበባል። 15 ደቂቃ በጨለማ አቆይቶ፣ የሞተውን የሚያቀልመውን ፕሮፒዲየም አዮዳይድ ጨምሮ፣ ሳያጥቡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማንበብ።

በከተማው ዳር ደግሞ የመብራቱ ነገር አለ። መብራት ሄዶ ኢንኩቤተሩ (ሕዋሳቱ የሚሞቁበት ሳጥን) ከ37 ዲግሪ ሲወርድ ሞቱም ይዘገያል፣ የሚሞከረው መድኃኒት ያዳናቸው ይመስላል። የዜሮ ሰዓት (የመነሻ) ናሙናና ሕዋሳቱን የሚገድለው ዴክሳሜታሶን የተጨመረበት ቱቦ በየዕለቱ አብረው ይግቡ። የዴክሳሜታሶኑ ቱቦ ሞት ካላሳየ የዚያን ቀን ሳሕን በሙሉ መድፋት ነው፣ ምንም ያህል ውጤቱ ቢያምር።